ዴኒስ በርኪት፦ ከሙላጎ ኮረብታ ተነስተው የዓለምን ማዕድ የመረመሩት ሐኪም

የኡጋንዳ መዲና ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዋንዴገያ የተባለው ሠፈር የሚገኘው በሁለት ኮረብቶች መካከል ነው። በአንደኛው ላይ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላኛው ላይ ደግሞ የሙላጎ ሆስፒታል ይገኛሉ። ተማሪው፣ ነርሷ፣ አስታማሚውና ሾፌሩ በዚህ ሲያልፉ የሚበሉትን አያጡም። እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሮሌክስ፣ የተጠበሰ ዶሮና የተጠበሰ ድንች በመንገዱ ዳር ይቀርባሉ። በገበያው ደግሞ በቅጠል ተሸፍኖ በእንፋሎት የሚበስለው ማቶኬ የተባለው ሙዝ፣ ስኳር ድንች፣ ቦሎቄና ቅጠላ ቅጠል ይሸጣሉ።

በእነዚህ ሁለት ማዕዶች መካከል ያለው ልዩነት በሰው አካል ላይ ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ለዓለም ሕክምና አጀንዳ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ከዋንዴገያ ከፍ ብሎ ባለው የሙላጎ ሆስፒታል ለዓመታት ያገለገሉት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ዴኒስ በርኪት ናቸው። ስማቸው በሕክምና መጻሕፍት የሚነሳው በዋናነት በሕፃናት ካንሰር ነው። የሕይወታቸውን የመጨረሻ ሩብ ምዕተ ዓመት ግን ያሳለፉት ስለ ዳቦ፣ ስለ ባቄላ፣ ስለ ስኳርና ስለ ዓይነ ምድር በማስተማር ነበር።

ዛሬ ክብደት ለመቀነስ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከቅቤ ሙሉ በሙሉ የጸዳውን፣ ቪጋን የሚባለውን አመጋገብ የሚመርጡ ሰዎች በየአገሩ አሉ። በርኪት የዚህ አመጋገብ ሰባኪ አልነበሩም። ነገር ግን ከዕፅዋት የተዘጋጀ ማዕድ አንዳንዱን ሲያከሳ ሌላውን ለምን እንደሚያወፍር ለመረዳት፣ እርሳቸው ካምፓላ ላይ የጀመሩትን መንገድ መከተል ይጠቅማል።

አንድ ዓይን ያላቸው ቀዶ ሐኪም

ዴኒስ በርኪት የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) የካቲት 28 ቀን 1911 ዛሬ ሰሜን አየርላንድ በሚባለው ግዛት፣ ኢኒስኪለን በተባለች ከተማ አቅራቢያ ነው። አባታቸው የመንገድና የድልድይ ሥራዎችን የሚመሩ መሐንዲስ ነበሩ። በትርፍ ጊዜያቸው ወፎችን በመከታተል፣ በእግራቸው ላይ ቀለበት በማሰርና የእያንዳንዷን ወፍ ክልል በካርታ ላይ በማስፈር ይታወቃሉ። ልጃቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በሽታን በካርታ ላይ ማስፈራቸው ከአባታቸው ልማድ ጋር ሲነጻጸር ይኖራል።

በርኪት የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ ከተወረወረ ድንጋይ በደረሰባቸው ጉዳት ቀኝ ዓይናቸውን አጡ። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የአባታቸውን ሙያ ለመከተል ምህንድስና ጀምረው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሕክምና ተዛወሩ፤ በ1935 ተመረቁ፤ በ1938 ደግሞ በኤዲንብራ የቀዶ ሕክምና ማዕረግ አገኙ። ወደ አፍሪካ ለመሄድ ለቅኝ ግዛት የሕክምና አገልግሎት ሲያመለክቱ ግን አንድ ዓይን ብቻ ያለው ቀዶ ሐኪም አንፈልግም ተብለው ተመለሱ።

መንገዱን የከፈተላቸው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። በብሪታኒያ ጦር ሐኪምነት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተልከው ኬንያንና ሶማሊያን አዩ። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1946 በሰሜን ኡጋንዳ ሊራ በተባለች ከተማ ተመደቡ።

ሊራ ላይ ከሌላ ቀዶ ሐኪም ዓይን ሊያመልጥ የሚችል ነገር አስተዋሉ። ውኃ ቋጥሮ የሚያብጥ የወንድ ብልት ፍሬ በአውራጃው ምሥራቃዊ ክፍል እጅግ የተለመደ ሲሆን በምዕራቡ በኩል ግን እምብዛም አይገኝም። ልዩነቱ በትንኝ ከሚተላለፍ ጥገኛ ትል ሥርጭት ጋር የተያያዘ መሆኑ ኋላ ላይ ታወቀ። በርኪት ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም፦ በሽታ አድራሻ አለው፤ ያለበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የሌለበትንም ቦታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ካምፓላ ተዛወሩ። ሙላጎ የማኬሬሬ የሕክምና ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ሆስፒታል ነበር፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሐኪሞችም ይሠለጥኑበት ነበር።

ከመንጋጋ እብጠት እስከ ካርታ

በ1957 የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ሂዩ ትሮዌል አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን እንዲያዩላቸው ጠሯቸው። የሕፃኑ የላይና የታች መንጋጋ በግራም በቀኝም አብጧል። በርኪት እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ቀደም አላጋጠማቸውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከካምፓላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጂንጃ ሆስፒታል፣ በመስኮት አሻግረው ሲመለከቱ ተመሳሳይ እብጠት ያላት ሌላ ሕፃን ከእናቷ ጋር ተቀምጣ አዩ።

አንዱ ሕመምተኛ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ምርመራ ያስፈልጋል። የሆስፒታሉን መዛግብት ማገላበጥ ጀመሩ። በሌሎች ሕፃናት ሆድና ኩላሊት ውስጥ የተገኙ እብጠቶችም የዚሁ በሽታ ገጽታዎች ሆነው ተገኙ። በ1958 የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን አሳተሙ። በሽታው ከሊምፍ ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር መሆኑ በሌሎች ባለሙያዎች ምርመራ ተረጋገጠ። ዛሬ የበርኪት ሊምፎማ ይባላል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የሊራው ጥያቄ ነበር፦ በሽታው የት አለ? የት የለም? በርኪት የእብጠቱን ፎቶ የያዙ መጠይቆችን በመላ አፍሪካ ወደሚገኙ ሆስፒታሎች ላኩ። በ1961 ከሁለት የሚስዮን ሐኪሞች፣ ከቴድ ዊሊያምስና ከክሊፍ ኔልሰን ጋር በአንድ አሮጌ መኪና ተሳፍረው ወደ ደቡብ ተጓዙ። አሥር ሳምንታት በፈጀውና 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በሸፈነው በዚህ ጉዞ ከ50 በላይ ሆስፒታሎችን ጎበኙ። ያወጡት ካርታ በሽታው በአፍሪካ መሐል እንደ መቀነት የተዘረጋ መሆኑን፣ ደጋና ደረቅ አካባቢዎችን ግን እንደሚሸሽ አሳየ። ሙቀትና ዝናብ ባለበት፣ ወባ በሚበዛበት ሁሉ ይገኛል።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል የሰጡትን ገለጻ ያዳመጡት ወጣት ተመራማሪ አንቶኒ ኤፕስታይን ከካምፓላ ናሙና እንዲላክላቸው ተስማሙ። በ1964 ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና በርት አቾንግ በነዚህ ናሙናዎች ውስጥ አንድ ቫይረስ አገኙ። በሰው ላይ ከካንሰር ጋር ግንኙነት እንዳለው የታወቀው የመጀመሪያው ቫይረስ ነበር። በርኪት ራሳቸው ደግሞ ሕፃናቱን በመድኃኒት ማከም ያዙ፤ በወቅቱ ጨረር በሌለበት ሆስፒታል ጥቂት መጠን ያለው መድኃኒት ግዙፍ እብጠቶችን ሲያቀልጥ ታየ። በ1967 በሙላጎ የተቋቋመው የሊምፎማ ማዕከል ዛሬ የኡጋንዳ የካንሰር ተቋም ሆኗል።

ይህ ብቻ እንኳ ለአንድ ሰው ዝና ይበቃ ነበር። በርኪት በ1966 ከቤተሰባቸው ጋር ኡጋንዳን ለቀው ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ ዕድሜያቸው 55 ነበር። ሁለተኛው የሕይወታቸው ምዕራፍ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የጠፋው ነገር

በለንደን ዕውቁ ተመራማሪ ሪቻርድ ዶል ከአንድ ጡረተኛ የባሕር ኃይል ሐኪም ጋር እንዲገናኙ መከሯቸው። ሰውየው ፒተር ክሊቭ ይባላሉ። ክሊቭ የስኳር በሽታ፣ ውፍረት፣ የልብ ሕመምና የአንጀት በሽታዎች የተለያዩ ሳይሆኑ የአንድ ምክንያት ልዩ ልዩ መገለጫዎች ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ለርሳቸው ጥፋተኞቹ የተጣራ ስኳርና የነጣ ዱቄት ናቸው። ብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው ችላ ብለዋቸው ነበር።

በርኪት ሐሳቡን ሲሰሙ ወደ አእምሯቸው የመጣው ሙላጎ ነው። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀዶ ሐኪሙን ከጧት እስከ ማታ ፋታ የሚነሱት ትርፍ አንጀት፣ የሐሞት ጠጠር፣ ኪንታሮትና የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበሩ። በኡጋንዳ ባሳለፏቸው 20 ዓመታት ግን እነዚህን በሽታዎች በአፍሪካውያን ታካሚዎች ላይ ያዩት ከስንት አንዴ ነበር። ከዚህ ቀደም ትኩረታቸው በሽታው ባለበት ቦታ ላይ ነበር፤ አሁን በሌለበት ቦታ ላይ ሆነ።

ለሊምፎማው የሠሩትን ደገሙት። በአፍሪካና በእስያ ከ100 በላይ ለሆኑ ሆስፒታሎች መጠይቆችን እየላኩ ስንት ትርፍ አንጀት፣ ስንት የሐሞት ጠጠር እንዳዩ ይጠይቁ ጀመር። ከገጠር የሚመጡት መልሶች ተመሳሳይ ነበሩ፦ ጥቂት፣ ወይም ምንም። ከከተሞች ግን ቁጥሩ እየጨመረ ነበር።

በርኪት ከክሊቭ የተለዩት በአንድ ነጥብ ነው። ክሊቭ በማዕዱ ላይ የተጨመረውን ስኳር ሲከሱ፣ በርኪት ከማዕዱ ላይ የጎደለውን ፈለጉ። የጎደለው አሰር ነው፤ በተለምዶ ፋይበር የሚባለው። አሰር የዕፅዋት ሕዋስ ግድግዳ ክፍል ሲሆን የሰው አንጀት ሊፈጨው አይችልም። በዚህ ምክንያት ለዘመናት እንደ ገለባ ሲቆጠርና ሲጣል ኖሯል። ስንዴ ነጭ ዱቄት ሲሆን የሚለየው ልባስ፣ በኢትዮጵያ ፍሩሽካ ተብሎ ለከብት የሚሰጠው፣ የዚሁ አሰር ዋነኛ ምንጭ ነው።

ሙላጎ ላይ የመጀመሪያውን ሕፃን ያሳዩዋቸው ዶክተር ትሮዌልም የዚህ ሐሳብ አጋር ሆኑ። ትሮዌል በ1929 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡና 30 ዓመት የቆዩ ሐኪም ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወፍራም አፍሪካዊ ማየት ብርቅ እንደነበር፣ ኋላ ግን በከተሞች ውፍረት እየተለመደ መምጣቱን መዝግበዋል። ሁለቱ ሐኪሞች በ1975 የተጣሩ ምግቦችንና በሽታን የሚመለከት መጽሐፍ በጋራ አሳተሙ።

ሰዓትና ሚዛን

በርኪት ሐሳባቸውን በቁጥር ማሳየት ነበረባቸው። ከደቡብ አፍሪካዊው ተመራማሪ አሌክ ዎከርና ከእንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኒል ፔይንተር ጋር ሆነው ቀላል ዘዴ ተጠቀሙ። ፈቃደኛ ሰዎች በራጅ የሚታዩ ትንንሽ የፕላስቲክ ፍሬዎችን ይውጣሉ፤ ፍሬዎቹ ስንት ሰዓት ቆይተው እንደሚወጡ ይቆጠራል፤ ዓይነ ምድራቸውም ይመዘናል።

በ1972 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ውጤት አነጋጋሪ ሆነ። በብሪታኒያ የባሕር ኃይል ባልደረቦች ላይ ምግብ ከአፍ እስከ መውጫው ለመድረስ በአማካይ 83 ሰዓት ገደማ ወሰደበት፤ የቀኑ ዓይነ ምድርም 104 ግራም ገደማ ነበር። በኡጋንዳ ገጠር ነዋሪዎች ላይ ጉዞው 36 ሰዓት ገደማ ብቻ ሲወስድ ክብደቱ 470 ግራም ገደማ ደረሰ። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም ልዩነቱ ችላ የሚባል አልነበረም።

በርኪት ከዚያ በኋላ በየአገሩ እየዞሩ ሲያስተምሩ ሰው የሚያፍርበትን ጉዳይ ያለ እፍረት ያነሱ ነበር። በየመንገዱ ያነሷቸውን የዓይነ ምድር ፎቶዎች ለፕሮፌሰሮች ጉባኤ ያሳያሉ። ዓይነ ምድሩ ትንሽ የሆነ ሕዝብ ትልልቅ ሆስፒታሎች ያስፈልጉታል ይሉ ነበር። ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ሥዕልም ነበራቸው፦ የቧንቧ ውኃ ሞልቶ ወለሉን ያጥለቀልቃል፤ ሐኪሞች ጎንበስ ብለው ወለሉን ይወለውላሉ፤ ቧንቧውን ለመዝጋት የሚነሳ ግን የለም። በቀዶ ሕክምና ዕድሜያቸውን የገፉት ሰው ስለ ገዛ ሙያቸው የደረሱበት ድምዳሜ ይህ ነበር።

ሆድ ሲሞላ

ለውፍረት የሰጡት ማብራሪያም ከዚሁ ይመነጫል። ሰው መብላት የሚያቆመው ካሎሪውን ቆጥሮ አይደለም፤ ሲጠግብ ነው። አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ ካሎሪ ገደማ፣ ስታርችና ስኳር አራት ገደማ ይይዛሉ፤ አሰር የሚሰጠው ኃይል ከዚህም ያንሳል። ቦሎቄ፣ ጎመን ወይም ስኳር ድንች ውኃና አሰር ስለሚይዝ በሆድ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይወስዳል። ማኘክም ጊዜ ይጠይቃል። በመሆኑም ሰውየው ብዙ ካሎሪ ሳያስገባ ይጠግባል። ስኳርና ነጭ ዱቄት ግን ቶሎ ይዋጣሉ፤ ጥጋቡ ሳይመጣ ካሎሪው ቀድሞ ይገባል።

ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳየው የብሪስቶሉ ሐኪም ኬን ሂተንና ባልደረቦቻቸው በ1977 ያሳተሙት ሙከራ ነው። ለአሥር ሰዎች ፖም በሦስት መልክ ቀረበላቸው፦ ሙሉውን፣ ተፈጭቶና ተጨምቆ። የስኳሩ መጠን በሦስቱም እኩል ነው። ጭማቂው ከሙሉው ፖም 11 ጊዜ በፈጠነ ሁኔታ ተጠጣ። ይበልጥ ያጠገባቸው ሙሉው ፖም ሲሆን ጭማቂው የመጨረሻ ሆነ። ፍሬው አንድ ነው፤ ሁሉም ከዕፅዋት ነው፤ ልዩነቱ የአሰሩ መኖርና አለመፈጨት ብቻ ነበር።

በርኪት ካለፉ በኋላ በቪጋን አመጋገብ ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። በ2005 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት 64 ሴቶች ለ14 ሳምንታት ተከታተሉ። ግማሾቹ ስቡ ያነሰ የቪጋን ማዕድ የተመገቡ ሲሆን መጠኑ አልተገደበባቸውም። በአማካይ 5.8 ኪሎ ግራም ቀነሱ፤ ሌላ የተለመደ የጤና አመጋገብ የተከተሉት 3.8 ኪሎ ግራም ቀንሰዋል። የቪጋኖቹ ማዕድ በጥራጥሬ፣ በእህል፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ላይ የተመሠረተ ነበር።

የዚያው ሆስፒታል ሌላው ገጽ

ሆኖም ሙላጎ ስለ ዕፅዋት ማዕድ ያስተማረው ትምህርት አንድ ብቻ አልነበረም። በርኪት በቀዶ ሕክምና ክፍል ሲሠሩ፣ ትሮዌል ደግሞ እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የቀላና ቆዳቸው የተላጠ ሕፃናትን ያክሙ ነበር። በሽታው ኩዋሺዮርኮር ይባላል። ጡት ከጣሉ በኋላ ማቶኬን በመሳሰሉ ፕሮቲናቸው አነስተኛ በሆኑ ምግቦች ላይ ብቻ የተተዉ ሕፃናት በብዛት ይታመሙ ነበር። ትሮዌል በ1954 ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ በሽታው መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ሙላጎም በዚህ ዘርፍ በዓለም የታወቀ ማዕከል ሆኖ ነበር።

ስለዚህ ለአዋቂው ጤና የተመሰገነው ማዕድ፣ ጥራጥሬና ሌላ የፕሮቲን ምንጭ ካልታከለበት ለሕፃኑ አደጋ ነበር። ገና እያደገ ያለ ልጅ ሆዱ ትንሽ፣ ፍላጎቱ ግን ከፍተኛ ነው፤ በአሰር ብቻ የሞላ ሆድ ለርሱ ረሃብ ሊሆን ይችላል። ዛሬም ቪጋን መሆን ለሚፈልግ ሰው ምክሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ቫይታሚን ቢ 12 በዕፅዋት ውስጥ በበቂ ስለማይገኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቅ ሰው በእንክብል ወይም በተጨመረበት ምግብ ሊያገኘው ይገባል። ነፍሰ ጡሮች፣ አጥቢ እናቶችና ሕፃናት ደግሞ ያለ ባለሙያ ምክር የሚሞክሩት ነገር አይደለም።

ያልጸኑ መደምደሚያዎች

የበርኪት ሐሳብ ትችት አላጣውም። ከሚስዮን ሆስፒታሎች በመጡ መጠይቆች ላይ መተማመን አደገኛ መሆኑን ተቺዎች ተናግረዋል፤ ወደ ሆስፒታል ሳይደርስ የሚሞት ሰው በመዝገብ አይገባም። ካንሰር የሚበዛበት ዕድሜ ላይ የሚደርሰውም ሰው ጥቂት ነበር። የገጠር ነዋሪው ቀኑን ሙሉ በእግሩ እየተጓዘና እየቆፈረ የሚኖር በመሆኑ ቅጥነቱን ሁሉ ለምግቡ ማስረከብ አይቻልም። ብዙ በሽታዎችን በአንድ ንጥረ ነገር ጉድለት መፍታትም ከመጠን ያለፈ ተስፋ ነበር።

በ2000 ይፋ የሆኑ ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ ሙከራዎች፣ ለጥቂት ዓመታት አሰር የጨመሩ ሰዎች በትልቁ አንጀታቸው ላይ ለካንሰር መነሻ የሚሆኑ እብጠቶች እንዳይመለሱ ማድረግ አልቻሉም። ለብዙዎች የበርኪት ጊዜ ያለፈ መሰለ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ለሁለት ሳምንታት ያህል 20 ጥቁር አሜሪካውያንን የደቡብ አፍሪካ ገጠር ምግብ፣ 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎችን ደግሞ የአሜሪካ ምግብ አበላ። የአሜሪካውያኑ የቀን አሰር ከ14 ወደ 55 ግራም ከፍ ሲል በአንጀታቸው ግድግዳ ላይ የነበረው የመቆጣት ምልክት ቀነሰ። በደቡብ አፍሪካውያኑ ላይ ተቃራኒው ሆነ። አሰሩ የማይረባ ገለባ ሳይሆን በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ምግብ መሆኑ ታውቋል፤ እነርሱም ከርሱ ለአንጀት ግድግዳ የሚጠቅሙ ንጥረ ነገሮችን ይሠራሉ። በርኪት ይህን የባክቴሪያ ዓለም ገና ሊያዩት አልቻሉም ነበር።

በ2019 ላንሴት ላይ የወጣና በዓለም ጤና ድርጅት ጠያቂነት የተካሄደ ሰፊ ግምገማ፣ አሰር አብዝተው የሚመገቡ ሰዎች በልብ በሽታ፣ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ፣ የሰውነት ክብደታቸውም ያነሰ መሆኑን አሳየ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰርና 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገቡ መክሯል።

ከጾሙ ማዕድ ጋር

ይህ ምክር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ ማዕድ በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት ለብዙ ወራት የሚጾሙት ጾም ቪጋን የሚለው ቃል ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመናት በፊት የነበረ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑና ተልባው በካምፓላ ካባላጋላና ካንሳንጋ ሠፈሮች ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሳይቀር በአንድ ትሪ ላይ በያይነቱ ይቀርባሉ። የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ በመሆኗ ልባሷን ለይቶ ማስወገድ አይመችም፤ ስለዚህ ከነሙሉነቷ ትፈጫለች። በርኪት ለእንግሊዛውያን ሊያስረዱ የደከሙበት ሙሉ እህል ለኢትዮጵያዊው የዕለት እንጀራው ነው።

ነገር ግን በጾም ወቅት የሚወፍር ሰውም ጥቂት አይደለም። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ፓስቲ፣ ነጭ ዳቦ በማርማላታ፣ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ መጠጥ ሁሉም ጾም ናቸው፤ ሁሉም ቪጋን ናቸው። ሽሮውም ላዩ ላይ ዘይት ካንሳፈፈ ነገሩ ይለወጣል። የበርኪት ትምህርት እዚህ ላይ ስለታም ነው። ክብደትን የሚቀንሰው ሥጋው መቅረቱ ብቻ አይደለም፤ በቦታው የተተካው ነገር ነው። ባቄላው ከነልባሱ፣ ፍራፍሬው ሳይጨመቅ፣ እህሉ ሳይነጣ፣ ዘይቱና ስኳሩ ቀንሶ ሲቀርብ ማዕዱ ሆድን እየሞላ ክብደትን ይቀንሳል። አለበለዚያ ስሙ ብቻ ይቀራል።

የመጨረሻ ዓመታት

በርኪት ከ1972 ጀምሮ ትልልቅ ሽልማቶችን አግኝተዋል፤ የአሜሪካው የላስከር ሽልማትና የብሪታኒያ የሮያል ሶሳይቲ አባልነት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በ1979 አሰርን ስለ መመገብ ለተራው አንባቢ የጻፉት መጽሐፍ በብዙ አገሮች ተነበበ። ሙሉ ዳቦ፣ ጥራጥሬና ድንች እንዲጨመር፣ ስብና ስኳር እንዲቀነስ መከሩ። ሥጋ ፈጽሞ ይቅር ግን አላሉም።

ዝናቸው የቁርስ እህልና የፍሩሽካ አምራቾችን ገበያ ሲያደራ፣ ሐሳባቸው በዱቄትና በእንክብል ተጨምቆ መሸጥ ጀመረ። እርሳቸው ያዩት ግን የታሸገ ዱቄት ሳይሆን የገበሬ ማዕድ ነበር። የተነጠለ አሰር ለብቻው ሲሰጥ የሚጠበቀውን ያህል አለመሥራቱ፣ ሙሉው ምግብ ግን ደጋግሞ ጠቃሚ ሆኖ መገኘቱ፣ ከርሳቸው በኋላ ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ ሆኗል።

ዶክተር ዴኒስ በርኪት እአአ መጋቢት 23 ቀን 1993 በ82 ዓመታቸው በእንግሊዟ ግሎስተር ከተማ አረፉ። ዛሬ በዓለም ከስምንት ሰዎች አንዱ ከመጠን ባለፈ ውፍረት እንደሚኖር የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል፤ ሥጋቱም የሀብታም አገሮች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በአፍሪካ ከተሞች የነጣ ዱቄት፣ የዘይት ጥብስና ጣፋጭ መጠጥ የዘመናዊነት ምልክት ሲሆኑ፣ ማቶኬ፣ ቦሎቄ፣ ማሽላና ጎመን የድህነት ምግብ ተደርገው ይታያሉ። በርኪት በሙላጎ ያስተዋሉት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፦ የሠለጠነው ዓለም በገንዘቡ የጣለውንና ኋላ መልሶ በውድ የሚገዛውን ነገር፣ የገጠሩ ገበሬ ቀድሞውኑ በሳህኑ ላይ ይዞት ነበር።